ሰንጢን በግራ እጅ ብቻ መክፈት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ ከሰዓት

ሥራው ይህ ነው። ጎረቤቴ ጋሼ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው አይጨብጥም። ግራው ደህና ነው፤ ግን ዕድሜ ልካቸውን በቀኝ የሠሩ ሰው ናቸው። ሰንጢ ሳይዙ ከቤት አይወጡም። ብርቱካን የሚልጡበት፣ የጤፍ ዱቄት ከረጢት ስፌት የሚበጥሱበት፣ በፖስታ የመጣ ካርቶን የሚቀድዱበት እሱ ነው። አሁን ሰንጢው ኪሳቸው ውስጥ አለ፤ መክፈቱ ግን የልጃቸው ሥራ ሆኗል። «በገዛ ቤቴ ሰንጢ ክፈቱልኝ እያልኩ መለመን አልፈልግም» አሉኝ። ስለዚህ በግራ እጅ ብቻ የሚከፈትና የሚዘጋ ሰንጢ ላገኝላቸው፣ ያለውንም ማስተካከል ከተቻለ ላስተካክልላቸው ተነስቻለሁ።

ምንም ከመንካቴ በፊት ልጃቸው የእጅ ሕክምና የሚሰጣቸውን ባለሙያ ጠየቀች። ግራ እጃቸው ስሜቱም ጉልበቱም ሙሉ ስለሆነ ልምምዱ አይከለከልም ተባለ፤ እንዲያውም ጣትን ለይቶ ማንቀሳቀሱ ይጠቅማቸዋል። ነገር ግን ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይወስዳሉ። ለሌላው ሰው ቀላል የሆነ ቁስል እሳቸው ላይ ደሙ ቶሎ አይቆምም። ስለዚህ ባለሙያው እስኪፈቅድ ድረስ ማንኛውም ልምምድ ስለቱ በቴፕ ተጠቅልሎ ነው የሚካሄደው። ይህን የሥራው ሁሉ ሕግ አድርጌዋለሁ።

ስለ ፍጥነትም ከወዲሁ ልናገር። ስለ አንድ እጅ አከፋፈት ሲወራ ብዙው ሰው የሚያስበው ስለቱን በእጅ አንጓ ወርውሮ ጧ ማድረግን ነው። እኔ ፍጥነቱን የምፈልገው ለሌላ ነገር ነው። የተዘጋ ሰንጢ ማንንም አይቆርጥም። ተከፍቶ የተቆለፈም እጀታውን ለያዘ ሰው የታመነ ነው። አደጋው መሃል ላይ ነው፦ ስለቱ ግማሽ ተከፍቶ፣ መቆለፊያው ገና ሳይገባ፣ አውራ ጣት ሊደርስበት የሚችለው ርቀት አልቆ ሲቆም። የጋሼ እጅ የሚደክመውም ልክ እዚያ ላይ ነው። እንግዲህ ፈጣን አከፋፈት ስል መሃል ላይ ሳይቆም የሚያልፍ አከፋፈት ማለቴ ነው። የምመርጠውንም የምጥለውንም በዚህ እለካለሁ።

እሁድ

የጋሼ ሰንጢ ኦፒኔል ቁጥር 8 ነው፤ የእህታቸው ልጅ ከፈረንሳይ የላከችላቸው። ጆሴፍ ኦፒኔል በ1890 በሳቮይ ተራሮች የሠራው ሰንጢ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከ1897 ጀምሮ በመጠኑ ከ1 እስከ 12 ቁጥር ተሰጠው፤ የ8 ቁጥሩ ስለት 8.5 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ስለቱ ላይ ዘውድ ያለበት እጅ ተቀርጿል። እጁ የመጥምቁ ዮሐንስ ነው፤ በስሙ ከምትጠራው ከሳን ዣን ደ ሞሪየን ከተማ አርማ የተወሰደ። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ሰንጢውን ወደ መስኮት ወስደው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወዲህ ይህን ሰንጢ ጣሉት ብሎ መምከር የማይሆን ነገር ሆነብኝ።

ችግሩ ግን ብዙ ነው። ስለቱ የሚከፈተው ጥፍር በሚያስገቡበት ጭረት ነው፤ ያ ደግሞ ለሁለት እጅ የታሰበ ነው። በ1955 የተጨመረው የሚዞር ቀለበት ስለቱን በደንብ ይቆልፋል፤ ቀለበቱን ማዞር ግን ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። እጀታው ደግሞ ቢች የሚባል እንጨት ነው፤ ውሃ ሲነካው ያብጥና ስለቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። የእሳቸው ሰንጢ ከሰሃን ጋር ሲታጠብ ኖሯል።

መጀመሪያ እንጨቱን አደረቅሁት። የምንኖርባት የአውሮራ (ኮሎራዶ) አየር ደረቅ ስለሆነ ከማሞቂያ ርቆ ጠረጴዛ ላይ መቀመጡ በቂ ነው፤ ምድጃ ላይ የሚያስቀምጡ ሰዎች እንጨቱን ያሰነጥቁታል። ሲደርቅ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 400 በቀጭን ካርቶን ላይ አጥፌ የእጀታውን ስንጥቅ ከውስጥ ከሁለቱም በኩል ቀስ እያልኩ ጠረግሁት። ብዙ መፋቅ አያስፈልግም፤ ብዙ ከተፋቀ ስለቱ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ የተፋቀውም አይመለስም። ከዚያ በኋላ የተልባ ዘይት በጨርቅ ቀባሁት፤ እንጨቱ ዘይት ከጠጣ ውሃ እንደ ልቡ አይገባበትም። ዘይቱን የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨመደደ ጨርቅ ውስጥ ሆኖ በራሱ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ሳቮያዎች ኦፒኔልን የሚከፍቱበት የቆየ ዘዴ አላቸው። ቀለበቱ ክፍት መሆኑ ይረጋገጣል፣ እጀታው በመዳፍ ይያዛል፣ የእጀታው ጭራ በጠንካራ ነገር ላይ ደቅ ይደረጋል። ስለቱ ከስንጥቁ ትንሽ ብቅ ይላል፤ የቀረውን ጣት ይስበዋል። ካደረቅሁትና ከጠረግሁት በኋላ ዘዴው በጋሼ ግራ እጅም ሠራ። ጭራውን የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ መቱ፣ ስለቱ ብቅ አለ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠው አወጡት፣ ደንደሱን ጠረጴዛው ላይ ተጭነው እስከ መጨረሻው ከፈቱት፣ ከዚያ ቀለበቱን በአውራ ጣት አዞሩ። በጣም ደስ አላቸው።

እኔ ግን ቆጠርኩ፦ መምታት፣ መቆንጠጥ፣ መጫን፣ ማዞር። በየመሃሉ ስለቱ ሳይቆለፍ ይቆማል። ደግሞም ጠረጴዛ ያስፈልጋል፤ መንገድ ላይ ወይም መኪና ውስጥ የለም። ኦፒኔሉ ለቤት ይሆናል እንጂ ለኪስ አይሆንም።

ማክሰኞ ማታ

ዛሬ የራሴን አሮጌ ሰንጢ ፈታሁት። ስለቱ ላይ አውራ ጣት የሚገፋው ጉጥ አለው፤ መቆለፊያው ላይነር ሎክ ነው። ይህን መቆለፊያ ዛሬ በምናውቀው መልኩ ያበጀው አሜሪካዊው የቢላ ሠሪ ማይክል ዎከር ነው፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ። በእጀታው ውስጥ ያለው ስስ ብረት በከፊል ተቆርጦ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ራሱ ሞላ ሆኖ ያገለግላል። ስለቱ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ብረቱ ከስለቱ ተረከዝ፣ ማለትም እጀታው ውስጥ ከሚቀረው ያልተሳለ ሥሩ፣ ኋላ ገብቶ ይደግፈዋል። በዚሁ ብረት ላይ ትንሽ እንክብል ተቀምጣለች። ሰንጢው ሲዘጋ እንክብሏ ስለቱ ላይ ባለች ጉድጓድ ትገባለች፤ ስለቱ ኪስ ውስጥ በራሱ እንዳይከፈት የምትይዘው እሷ ናት። አውራ ጣት መጀመሪያ የሚያሸንፈው የእሷን ጉልበት ነው።

በአንድ እጅ አይከፈትም ተብሎ የሚጣል ሰንጢ ብዙውን ጊዜ የቆሸሸ ሰንጢ ነው። ብሎኖቹን ጫፉ ኮከብ በሚመስለው በቶርክስ ቁልፍ 6 እና 8 ፈታሁ፤ ልኩ ያልሆነ ካቻቪቴ የብሎኑን ጥርስ ይበላል። ውስጡ የኪስ ብናኝና የደረቀ ዘይት ተጋግሮበት ነበር። ሁሉንም በአልኮል አጠብኩ። በስለቱ ግራና ቀኝ ያሉትን የነሐስ ሮንዴላዎች (ስስ ቀለበቶች) በመስታወት ላይ በተዘረጋ 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ እያረጠብኩ፣ በጣት ጫፍ ክብ እየሠራሁ አለሰለስኳቸው። የሚፈለገው ጭረቱ እንዲጠፋ ነው፤ ሮንዴላው እንዲሳሳ አይደለም።

ዘይቱ ከፋርማሲ የሚገዛው የሚጠጣ የማዕድን ዘይት ነው፤ በዚህ ሰንጢ ምግብ ይቆረጣልና። በእያንዳንዱ ሮንዴላ ላይ አንድ ጠብታ ይበቃል። የወጥ ዘይት አይሁን፤ እያደር ይወፍርና እንደ ሙጫ ይይዛል። ፔርኖውን፣ ስለቱ የሚዞርበትን ብሎን፣ መጀመሪያ ስለቱ እንዳይነቃነቅ ድረስ አጠበቅሁ፤ ከዚያ ጥቂት ላላ አደረግሁ፣ ስለቱን በጫፉ ይዤ ወደ ጎን ገፋ ገፋ እያደረግሁ ፈተሽኩ። በሚነቃነቅበትና በሚጠብቅበት መካከል ያለው ቦታ በጣም ጠባብ ነው፤ የብሎኑ ትንሽ እንቅስቃሴ ብዙ ይለውጣል። ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ይህ ነው፣ ዋጋውም እዚህ ነው። ቦታው ሲገኝ በብሎኑ ጥርስ ላይ ብቻ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ ትንሽ ነካ አደረግሁ። ቀዩን አይደለም፤ ቀዩ ያለ እሳት አይለቅም።

ረቡዕ

ስለቱን ከተረከዙ እስከ ጫፉ በቴፕ ጠቅልዬ የጉጡን አከፋፈት መጀመሪያ በራሴ ግራ እጅ ተማርኩት፤ ለሌላው ከማሳየቴ በፊት የጋሼ እጅ የሚገጥመውን ማወቅ ስለነበረብኝ።

አውራ ጣት ጉጡን መጀመሪያ ወደ ውጭ፣ ከእጀታው የሚያርቅ አድርጎ ይገፋዋል። እንክብሏ ስትለቅ መንገዱ ቅስት ይሆናል፤ ጣቱ ቅስቱን ተከትሎ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ሰው ወደ ላይ ብቻ ሲገፋ ጣቱ ይንሸራተትና መሃል ላይ ይቀራል። አውራ ጣት መነሻው ላይ እጥፍ ማለት አለበት፤ ገና ከመጀመሪያው የተዘረጋ ጣት የሚዘረጋው አይተርፈውም። እጀታውንም መሃሉ ላይ ሳይሆን ወደ ፔርኖው ጠጋ ብሎ መያዝ ነው። ሌላው ነገር የቀሩት ጣቶች ናቸው። የጣቶቹ ጫፍ ስለቱን ከነካ ይይዘዋል፤ መቆለፊያውን ብረት ከተጫነ ደግሞ እንክብሏን ጉድጓዷ ውስጥ አጥብቆ ያስራታል። ጠንካራ ሰው የባሰ የሚቸገረው ለዚህ ነው፦ አጥብቆ ይጨብጣል፣ በጨበጠ ቁጥር ሰንጢው ይከብደዋል። እጀታው በአራቱ ጣቶች ሥርና በመዳፍ መካከል ይረፍ፣ ጫፎቹ ላላ ይበሉ። ይህን ካስተካከልኩ በኋላ ስለቱ ያለ አንጓ ውርወራ በአንድ ትንፋሽ ሄዶ ይቆለፋል።

አንጓን መወርወር ከነጭራሹ ትቼዋለሁ። ስለቱ በጉልበት መጥቶ ማቆሚያውን ፒን ይመታል፤ ሲደጋገም ፒኑም መቆለፊያውም ይላላሉ። ደግሞ ላብ ባለበት እጅ አብሮ የሚወረወረው እጀታው ነው።

ግራ እጅ ላይ ግን ላይነር ሎክ ይከዳል። መቆለፊያው ሲሠራ ለቀኝ እጅ ታስቧል፤ ቀኝ አውራ ጣት ብረቱን ከራሱ እያራቀ ይገፋዋል። በግራ ሲያዝ ያው ብረት ወደ አውራ ጣቱ መጎተት አለበት። ግራኞች ይህን የሚፈቱት በሌባ ጣት ከማዶ በኩል በመግፋት ነው። ይቻላል። ግን በዚያች ቅጽበት ሌባ ጣት ስለቱ በሚወርድበት መንገድ ላይ ነው ያለው። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ይህን አላስተምርም። ለግራ እጅ ተገልብጠው የተሠሩ ላይነር ሎኮች አሉ፤ ጥቂት ናቸውና ለጊዜው አልጠበቅኩም።

ሐሙስ ማታ፣ ባጭሩ

ፍሊፐር የሚባለውን ሞከርኩ፤ ስለቱ ሲዘጋ በእጀታው ጀርባ የምትወጣ ቀንድ አለችው፣ ሌባ ጣት እሷን ይጫናል። ብዙ ሰው ያወቀው ኪት ካርሰን በነደፋቸው ኤም 16 ሰንጢዎች በኩል ነው። አሠራሩ የመብራት ማብሪያ እንደ መጫን ነው፦ ጣቱ ጉልበት ያጠራቅማል፣ እንክብሏ ስትለቅ ስለቱ በአንዴ ይወጣል። መሃል ላይ ፈጽሞ አለመቆሙን ወደድኩለት። ነገር ግን ፈጣን እንዲሆን እንክብሏ ጠንካራ መሆን አለባት፤ ጠንካራ ከሆነች ደግሞ የጋሼ ሌባ ጣት አይበቃትም። ቀንዷን ቀስ ብለው ከተጫኑ ስለቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይተዋቸዋል።

ኧርነስት ኤመርሰን ያመጣው ሞገድ የሚሉት ሜንጦም አለ፤ ከኪስ ሲወጣ የኪሱን ጠርዝ ይዞ በዚያው ስለቱን ይከፍተዋል። ከሁሉም ፈጣኑ እሱ ነው። ግን ስለቱ ሰውነት አጠገብ፣ ገና ሳያዩት ይከፈታል። ሶፋ ላይ ለተቀመጡ ሽማግሌ የሚሆን አይደለም፤ አልገዛሁትም፣ አልሞከርኩትም።

ቅዳሜ

የሥራ ባልደረባዬ ዴሊካ የሚባል ሰንጢ አዋሰኝ፤ የስፓይደርኮ ኩባንያ ነው። የኩባንያው መቀመጫ ጎልደን ከተማ ነው፣ ከእኛ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። የኩባንያው መሥራች ሳል ግሌሰር በ1981 ባወጣው የመጀመሪያ ሰንጢው ስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ በሳ፤ እጀታው ላይም ኪስ የሚይዝ ክሊፕ አደረገ። ዛሬ ማንኛውም የኪስ ሰንጢ ክሊፕ ያለው ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል። የዴሊካ ስለት 7.3 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው።

ቀዳዳው ለጋሼ ከጉጥ ይሻላል፣ በሁለት ምክንያት። ጉጥ የጣትን ጫፍ ይወጋል፣ ጣቱም ከላዩ ይንሸራተታል፤ ቀዳዳው ውስጥ ግን የአውራ ጣት ሥጋ ሰጠም ይላል፣ የቀዳዳው ጠርዝም ጣቱን እስከ መጨረሻው ይዞት ይሄዳል። ቀዳዳ ደግሞ ግራና ቀኝ የለውም። መቆለፊያውም እንዲሁ ነው፦ በእጀታው ጀርባ፣ መሃል ላይ ያለ ዘንግ ነው፣ ለየትኛውም እጅ እኩል ነው።

ጋሼ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጡ። ስለቱ በቴፕ ተጠቅልሏል፣ ጠረጴዛው ላይ ጋቢ ታጥፎ ተነጥፏል፣ እጃቸው ከጋቢው በላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚሠራው። አንድ ሕግ ነገርኳቸው፦ ሰንጢው ከወደቀ ይውደቅ፣ ለመያዝ እጅ አይሰድዱም። «ይህን እንኳ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ» አሉ።

መጀመሪያ አውራ ጣታቸው መሃል ላይ ቆመ። ሰውነታቸው የቀኙን ልማድ ለግራው ሊሰጥ ይታገላል፤ እጀታውን ወደ ጭራው ይዘው ጣታቸው ከቀዳዳው ርቋል። ወደ ፔርኖው አስጠጋኋቸው፣ የጣቶቻቸውን ጫፍ አላላሁላቸው። ጥቂት ቆይቶ ቋ የሚል ድምፅ መጣ። ቋ ካላለ አልተቆለፈም፤ ዘንጉ ቦታው መግባቱን የሚናገረው ድምፁ ነው። ጋሼ ጆሯቸው ጥሩ ነው፣ ይህን ወዲያው ያዙት።

መዝጋቱ ላይ ግን ደስ አላለኝም። የጀርባ መቆለፊያ በአንድ እጅ ሲዘጋ አውራ ጣት ዘንጉን ይጫናል፤ ስለቱ ይወርድና ያልተሳለው ተረከዙ ሌባ ጣት ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ሌባ ጣት ከመንገዱ ይነሳል፣ ስለቱ ይዘጋል። ለለመደ ሰው ደህና ነው። የጋሼ አውራ ጣት ግን ዘንጉን ለመጫን ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል፣ ሲያወጣም ሌሎቹ ጣቶች አብረው ይጠብቃሉ፣ ሌባ ጣትም ወደ ፊት ይንሸራተታል። ቴፑን ሳየው ጣታቸው የነካው ተረከዙን ሳይሆን ከዚያ አለፍ ብሎ ስለቱን ነው። ልጃቸውም አይታለች። ስለ አከፋፈት የሚነገረው ብዙ ነው፤ ጣት የሚቆረጠው ግን ሲዘጋ ነው፣ ስለ መዝጋት የሚያስተምር ጥቂት ነው።

ሰኞ

የመቆለፊያ ጥያቄው ላይ ቆሜ አሰብኩ። የሚፈለገው ሲዘጋ አንድም ጣት ከስለቱ ፊት የማያስቀምጥ፣ ለግራም ለቀኝም እኩል የሆነ ነው። ይህን የሚሞላው አግዳሚ ዘንግ ያለው መቆለፊያ ነው። ቤንችሜድ የተባለው ሰንጢ ሠሪ ኩባንያ በ1998 አክሲስ ብሎ በ710 ሞዴሉ ያወጣው፤ የፈጠሩት ቢል ማክሄንሪና ጄሰን ዊሊያምስ ናቸው። የባለቤትነት መብቱ ጊዜ ካለፈ ወዲህ ሌሎች ሠሪዎችም በየስማቸው ይሠሩታል።

አሠራሩን ልግለጽ። ትንሽ የብረት ዘንግ እጀታውን ከግራ ወደ ቀኝ ታቋርጣለች፤ ሁለቱ ጫፎቿ በሁለቱም ጎን ይታያሉ። እንደ ሽቦ የቀጠኑ ሁለት ሞላዎች፣ በየጎኑ አንዳንድ፣ ዘንጓን ወደ ፊት ይገፏታል። ስለቱ ሲከፈት ዘንጓ ከተረከዙ በላይ ትገባና በተረከዙና በማቆሚያው ፒን መካከል ትሰካለች። ለመዝጋት ሁለቱን ጫፎች በአውራ ጣትና በመሃል ጣት ወደ ኋላ መሳብ ነው። ስለቱ ነፃ ይሆናል፤ የትኛውም ጣት ከፊቱ የለም። ሞላዎቹ ቀጭን ስለሆኑ ከዓመታት በኋላ አንዱ ሊሰበር ይችላል፤ ሌላው እስኪቀየር ድረስ ብዙ ጊዜ ዘንጓን ይይዛታል።

የቤንችሜድን ባግአውት የሚባለውን ሰንጢ፣ በ2017 የወጣውን መረጥኩ። 52 ግራም ነው የሚመዝነው፤ የስለቱ ርዝመት 8.2 ሳንቲ ሜትር። ቀላልነቱ ለጋሼ ቁም ነገር ነው፣ ከባድ እጀታ እጃቸውን ያደክማል። ጉጡ በሁለቱም ጎን አለ፣ ክሊፑም ይገለበጣል። ብሎኖቹን ፈትቼ ለግራ ኪስ አዛወርኩት። ፔርኖውን እንደ ማክሰኞው ሰንጢ ሳልፈታው ጥቂት ብቻ አስተካከልኩ፤ አዲስ ዕቃ ነው፣ መፈታቱ ዋስትናውን እንዳያስቀርብኝም ብዬ።

ረቡዕ

በጉጡ ይከፍታሉ፣ በዘንጓ ይዘጋሉ። ዘንጓን ስበው ስለቱን በእጅ ዘንበል ማድረግ ብቻ የሚከፍቱም አሉ፤ ፈጣን ነው፣ ድምፅም የለውም። ለእሳቸው ግን አልፈቀድኩም፣ የሰንጢው መቆለፊያ እንደላላ ስለቱ በራሱ ክብደት ሲወዛወዝ ማየት አልፈልግም። ጉጡ ይበቃል። በዴሊካው የተማሩት ሁሉ አብሯቸው መጣ፦ አያያዙ፣ የላላው ጣት፣ ቋ የሚለው ድምፅ። ጉጡ ትንሽ ይወጋል አሉ። ጫፉን በጥሩ ሞረድ ነካ አድርጌ ጠርዙን ሰበርኩለት፤ አሁን አይወጋም፣ ግን አይንሸራተትም።

መዝጊያው ደግሞ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ ዘንጓን ይስባሉ፣ የስለቱን ደንደስ ጋቢው ላይ ያስደግፋሉ፣ እጀታውን ወደ ታች ይጫኑታል፣ ስለቱ ግማሽ ሲገባ ዘንጓን ይለቃሉ፤ የቀረውን ያው ጋቢ ይገፋላቸዋል። አራቱም ጣቶች ከእጀታው ጎን ናቸው። ቴፑን መረመርኩት፤ የጣት ምልክት የለበትም።

ቅዳሜ

ሰንጢ መክፈት ብቻውን ብርቱካን አይልጥም። የሚላጠውን ማን ይይዛል? ለዚህ በአንድ እጅ ለሚሠሩ ሰዎች የሚሠራ ሰሌዳ አለ፣ እኔም አንድ ሠራሁ፦ የእንጨት መክተፊያ፣ ከሥር ወደ ላይ ያለፉ ሁለት የማይዝጉ ምስማሮች፣ በአንድ ማዕዘን ላይ ዳቦ እንዳይሸሽ የሚይዝ ከፍ ያለ ጠርዝ፣ ከሥሩ የማይንሸራተት ጎማ። ብርቱካኑ ወይም ድንቹ ምስማሮቹ ላይ ይሰካል። ሳይሠራበት ምስማሮቹ ላይ ቡሽ ይደረጋል። ኦፒኔሉ ቦታውን ያገኘው እዚህ ነው፤ ጠረጴዛው አለ፣ ጊዜም አለ፣ ዮሐንስም አለ። ባለሙያው ሲፈቅድ ጭራውን ደቅ ያደርጉታል፣ ይስቡታል፣ ይቆልፉታል፣ ብርቱካናቸውን ይልጣሉ። ኪሳቸው ውስጥ ያለው ለካርቶንና ለከረጢት ነው።

ማክሰኞ

ባለሙያው አየና ቴፑ ይነሳ አለ። ልጃቸው የተወሰነ ነገር ጠየቀች፦ በአቅራቢያቸው ሕፃን ሲኖር እንዳይከፈት፣ ዝግ ሳይሆን እንዳይቀመጥ። ጋሼ ሁለቱንም ተቀበሉ። የጤፉን ከረጢት ራሳቸው ፈቱ፤ ለልጃቸው ሳይሆን ለእኔ ዘወር ብለው «በል አሁን ቡናውን አምጣው» አሉኝ፣ እሱንም ቀደዱት።

አሁን ሌላ ጉዳይ መጣ። ለፋሲካ ጀርመን ወንድማቸው ጋ ሊሄዱ ነው። እዚህ ኮሎራዶ ተደብቆ ሲያዝ ሕጉ የሚመለከተው ከ3.5 ኢንች፣ ማለትም ከ8.9 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ስለት ነው፤ ሰንጢያቸው ከዚያ በታች ነው። በጀርመን ግን ከ2008 ጀምሮ በአንድ እጅ የሚከፈትና የሚቆለፍ ሰንጢ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መንቀሳቀስ የተከለከለ ነው። ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ክልከላው። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ደግሞ ያለ ምክንያት መያዝ የምትችሉት የሚታጠፍ፣ የማይቆለፍ፣ ስለቱም ከ3 ኢንች ወይም 7.62 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ነው። በእስራኤልም መለኪያው 10 ሳንቲ ሜትርና አለመቆለፉ ነው። እንደ ጋሼው ያለ ሰንጢ አውሮፕላን ውስጥ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ በሚጫነው ሻንጣ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ሥራ ለጉዞው የማይቆለፍ፣ ግን አውራ ጣት የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ሰንጢ ነው። መቆለፊያ ስለሌለ ተከፍቶ የሚይዘው የጀርባው ሞላ ብቻ ነው፤ ሞላው ጠንካራ ከሆነ የጋሼ ጣት ይከብደዋል፣ ደካማ ከሆነ ሲቆርጡ ይታጠፋል። ሌባ ጣት የሚያርፍበት ያልተሳለ ጎድጎድ ስለቱ ላይ ያለውን እፈልጋለሁ፤ ጣቱ እዚያ ካለ ስለቱ ሊዘጋ ቢል ጣቱ ራሱ ያቆመዋል። ዛሬ ማታ አንድ አዝዣለሁ። ሲመጣ መጀመሪያ ቴፕ፣ ከዚያ ጋቢ።